ደሴ ላይ የኮንዶሚኒየም ባልኮኒ እንዴት ይዘጋጃል? ዕቃ ሳይወድቅ፣ ሳይዝግ፣ ጎረቤት ሳያኮርፍ

ክረምት በገባ ቁጥር ያው ወሬ ነው። የአንዱ አበባ ማስቀመጫ ወድቆ፣ የአንዷን ሰፌድ ነፋስ ወስዶት፣ የሌላው ባልኮኒ ጭቃ አንጠባጥቦ ታች የተሰጣ ነጭ ጋቢ ተበላሽቶ። ሁሉም የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው። ዕቃውን የሚሰቅለው ለመንገደኛ ነው። ከብረቱ ውጭ ወይም ግንቡ አናት ላይ። ባልኮኒ ግን ከውስጥ ነው የሚያምረው። ከብረቱ ወዲያ ያለው አየር የእናንተ አይደለም።

እኔም የተማርኩት ከፍዬ ነው። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ የጥብስ ቅጠል ተክዬበት፣ ከብረቱ ውጭ በጥቁር ሽቦ አሰርኩት። ሁለት ክረምት አለፈው። በሦስተኛው፣ ሐምሌ ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ጀሪካኑ የለም። ሽቦው ግን እንደታሰረ ተንጠልጥሏል። አልተበጠሰም። ፀሐይ ያደረቀውን ፕላስቲክ እንደ ቢላ ሰንጥቆት ነው። ታች የቆመ ባጃጅ ሸራው ተቀዷል፣ አፈሩ የሾፌሩ መቀመጫ ላይ ተዘርግፏል። ባለባጃጁ ዳቦ ሊገዛ ወርዶ ነበር። «ዳቦው ነው ያተረፈኝ ወንድሜ» አለኝ። ሸራውን አሰፋሁለት። አሁንም በእኛ ብሎክ ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ባልኮኒዬን ያያል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ሥራውን መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ጀምሩት። ዝናቡ ያቆማል፣ ግንቡ ይደርቃል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትገዙ ባልኮኒውን እወቁት

ውሃው የት እንደሚሄድ ፈትሹ። አንድ ጆግ ውሃ ወለሉ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ቁሙ። ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ ከሄደ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ከተኛ ወይም ወደ ሳሎን በር ከመጣ፣ ዕቃ ከመደርደራችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ሲሚንቶና የላስቲክ ቁራጭ ነው። በወፍራም ሽቦ ጎትታችሁ አውጡት። ወደ ውስጥ አትግፉት፤ ከገፋችሁት ቱቦው መታጠፊያ ላይ ይቀረቀርና የጋራ ችግር ይሆናል።

ነፋሱን እዩ። አንድ ቀጭን ላስቲክ በክር ብረቱ ላይ አስራችሁ ለሦስት ቀን ተዉት። ጠዋትና ከሰዓት ወዴት እንደሚያጋድል ልብ በሉ። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል ስላለች፣ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ከብሎክ ብሎክ ይለያያል። የጎረቤት ብሎክ ልምድ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ፀሐዩንም እንዲሁ። ጠዋት ነው የሚያርፍባችሁ ወይስ ከሰዓት? ይህን ኋላ ለሰፌዱና ለፎቶው ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሰው አናግሩ

ታች ያለውን ቤት አንኳኩ። ይህን ሁሉም ይዘለዋል፣ ኋላም ጠቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። እኔ ከታች ያሉትን እናት «እማማ፣ ባልኮኒው ላይ ተክል ላደርግ ነው፤ ውሃ ከወረደብዎ ይጥሩኝ» አልኳቸው። «አድርግ ልጄ፤ ሐሙስ ብቻ እንዳታጠጣ፤ ሐሙስ ነው የማጥበው» አሉኝ። በቃ። ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

ቀጥሎ የማኅበሩን ኮሚቴ ጠይቁ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሕንፃው የተናጠልም የጋራም ክፍል አለው። ቤቱ የእናንተ ስለሆነ የውጭውን ግድግዳ መብሳት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ኮሚቴው ከፈቀደ በወረቀት ያዙት። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩንም ጠይቁ።

ተከራዮች አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2080 ከሕንፃ ላይ ዕቃ ወድቆ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚያደርገው በሕንፃው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው። «ቤቱ የኔ አይደለም» ማለት አያድንም።

ደረጃ 3፦ የሚወጣውንና የማይወጣውን ለዩ

ባልኮኒ ከቤት ውጭ ነው። ጣሪያ ስላለው ብቻ ሳሎን አይሆንም። የሚከተሉትን አታውጡ።

- ዋናውን ፎቶ። የአባታችሁን የወጣትነት ፎቶ ማውጣት ከፈለጋችሁ ኮፒ አስነሡና ላሚኔት አስደርጉት። ፎቶ ከመስተዋት ጋር እርጥበት ካገኘው ይጣበቃል። ከተጣበቀባችሁ አትላጡት፤ ከነመስተዋቱ ስካን አስደርጉት።
- የአያት መሶብ። ቀለም የገባው ስንደዶና አክርማ ፀሐይ ላይ ይገረጣል። ቀዩ ቶሎ ይሄዳል። ለባልኮኒ ከሰኞ ገበያ አንድ ተራ ሰፌድና ሁለት ሙዳይ ግዙ። ሲገረጡ ያሳዝናሉ እንጂ አያስለቅሱም።
- በግንቡ አናት ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ነገር። ድመት፣ ርግብ፣ ልጅ፣ ነፋስ። አንዱ ይገፋዋል።
- ልጅ ሊወጣበት የሚችል ዕቃ ከብረቱ አጠገብ። ኩርሲ፣ ሳጥን፣ ትልቅ ማሰሮ። ልጅ ካለ እነዚህን ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጉ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጀበና ይወጣል፣ ግን ባዶውን። ሸክላ ውሃ ይጠጣል። ረከቦቱን ቡና ሲፈላ አውጡት፣ ሲያልቅ መልሱት።

ደረጃ 4፦ ክብደቱን አስሉ

ሰው እዚህ ላይ ይገረማል። ውሃ የጠጣ አፈር አንድ ሊትሩ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ግማሹን በአፈር ብትሞሉ፣ ዝናብ ሲያገኘው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው። አምስቱን ብትደረድሩ አንድ ኩንታል ገደማ። አንድ ኩንታል ጤፍ የባልኮኒ ጫፍ ላይ ታቆማላችሁ? አታቆሙም። አበባ ሲሆን ግን ሁላችንም እንረሳለን።

ባልኮኒ ከሕንፃው ወጥቶ የተንጠለጠለ ነው። ጫፉ ላይ ያለ ክብደት ግድግዳው ሥር ካለው ይልቅ ያስጨንቀዋል። ከባዱን ሁሉ የቤቱ ግድግዳ ሥር አድርጉ። ቀላሉን ወደ ብረቱ። የባልኮኒው ወለል ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ ስንጥቅ ካያችሁ ምንም አትጨምሩ። ያለውንም አውርዱና መሐንዲስ እንዲያየው ኮሚቴውን አናግሩ።

ደረጃ 5፦ ዕቃ አሟሉ

ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ ትራፓኖ (ከጎረቤት ይገኛል)፣ ፊሸር ከነቪቴው። ለማሰሪያ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል።

አንደኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ከቤት መስመር ዝርጋታ የተረፈ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነጠላ ሽቦ። ውስጡ መዳብ ነው፣ ውጩ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። አይዝግም፣ ዕቃውንም አይቆርጥም። ኤሌክትሪሻን ካወቃችሁ ቁርጥራጭ አያጣም። ጥቁሩን ማሰሪያ ሽቦ ለግንበኞች ተዉላቸው። አንድ ክረምት ሳይሞላው ይዝጋል፣ ዝገቱም ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር እየሠራ ይወርዳል።

ሁለተኛው ካላማዳሪያ ነው። ከጎሚስታ አሮጌ ጠይቁና ጣት ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡት። ነፋስ የሚመታው ዕቃ ሁሉ በካላማዳሪያ ይታሰር። ነፋሱ ሲመጣ ይለጠጣል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ናይለን ገመድ እንደ ካላማዳሪያ አይለጠጥም። ፀሐይ ሲበላው ደግሞ ሳይነግራችሁ ይበጠሳል።

ደረጃ 6፦ መስቀል

ተራው ይህ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከግድግዳ ወደ ብረት።

1. ግድግዳውን አንኳኩ። በጣታችሁ አጥንት መቱት። ክፍት ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። ድፍን ከሆነ ኮለን ወይም ቢም ነው። ድፍኑን አትብሱ። ውስጡ ፌሮ አለ፣ ትራፓኖውም ይበላሻል።

2. ከመብሳታችሁ በፊት የመብራት መስመር እዩ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እንዲሁም ወደ ጎን ያለውን መስመር ራቁት። ሽቦ ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው።

3. ብሱ፣ ፊሸሩን አስገቡ፣ ቪቴውን አጥብቁ። ብሎኬት ላይ ትራፓኖውን መዶሻው ላይ አታድርጉት። በመዞር ብቻ ይብሳ። አለበለዚያ ከጀርባ ይሰበርና ቀዳዳው ይሰፋል።

 *ፊሸሩ ባዶ ከዞረ፦* ቀዳዳው ሰፍቷል። ክብሪት እንጨት እየጠቀጠቁ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ፊሸሩን አውጡ፣ አቧራውን ንፉ፣ ቀዳዳውን አርጥቡና ወፍራም ሲሚንቶ ሙሉበት። ከሦስት ቀን በኋላ ደግማችሁ ብሱ። ወይም ትንሽ ራቅ ብላችሁ አዲስ ቀዳዳ ጀምሩ።

4. በውሃ ፈትኑት። ሁለት ኪሎ ልትሰቅሉበት ከሆነ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሙሉ ቀን አንጠልጥሉበት። አምስት ሊትር ውሃ አምስት ኪሎ ነው። ሚዛን አያስፈልግም። ቪቴው ወጣ ካለ ወይም ልስኑ ከተሰነጠቀ ያ ቦታ አይሆንም። ሥሩ እግር አታሳርፉ፣ ልጅም አታስጠጉ።

5. ሰፌድና ሙዳይ ስቀሉ። መሀሉን በሚስማር አትምቱት። ክሩን ከጀርባ በስፌቱ መሀል አሾልካችሁ በሁለት ቦታ አስሩት፣ ላይና ታች። ላዩ ይሸከማል፣ ታቹ ነፋስ እንዳያገለብጠው ይይዛል። ሰፌድ ጎድጓዳ ስለሆነ ነፋስ ይወደዋል። የታቹን ክር የረሳ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቷ ቷ ሲል ያድራል። ጎረቤቱም።

6. ጀበናውን በአንገቱ አስሩ፣ በእጀታው አይደለም። እጀታ የተለጠፈ ነው፤ ሲለቅ ድንገት ነው።

7. ባነርና ጨርቅ መጨረሻ ላይ። የምርቃት ባነር፣ የጥምቀት ወይም የመውሊድ ጨርቅ ከሁሉም ይብሳል። ነፋስ ሲሞላው ብረቱን ራሱን ይጎትታል። ከብረቱ በውስጥ በኩል ዘርጉት። አራቱን ማዕዘን በካላማዳሪያ፣ መሀሉን በሁለት ቦታ ጨምሩ። በዓሉ ሲያልፍ አውርዱት። የዛሬ ሁለት ዓመት የተመረቀ ልጅ ፎቶ እየተገረጣ ሲውለበለብ ልጁም አይወደውም።

 *ባነሩ ቀዳዳው ላይ ከተቀደደ፦* ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ አዲስ ቀዳዳ በእጥፉ ላይ አውጡ። በነጠላው ላይ ካወጣችሁ በማግስቱ ይቀደዳል።

ብረቱ ላይ የምታስሩት ሁሉ ሁለት ማሰሪያ ይኑረው። አንዱ ይሸከም። ሌላው ላላ ብሎ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። የእኔ ጀሪካን ሁለተኛ ማሰሪያ ቢኖረው ኖሮ ያን ቀን ይንጠለጠል ነበር እንጂ አይወርድም።

ደረጃ 7፦ ተክል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህታችሁ ባልኮኒ ላይ ያማረ በሶብላ ደሴ ላይ ኅዳር ሲገባ ይጠቁራል። ውርጭ አይችልም። ማታ ማታ አስገቡት ወይም ተዉት። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ብርዱን ይችላሉ። ኮምቦልቻ ላይ ጣጣው ሌላ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለን አፈር በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ዕቃ ምረጡ፣ ከሰዓት ጥላ ወዳለበት ጥግ አስጠጉ።

አተካከሉ አጭር ነው። ከዕቃው ሥር አራት አምስት ቀዳዳ አውጡ፣ ጠጠር አንጥፉ፣ አፈርና ፍግ ሙሉ፣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል አጉድሉ። እስከ አፉ ከሞላችሁት ውሃው አፈሩን ይዞ ይፈስሳል። ከሥሩ ሰሃን ወይም የጀሪካን ቂጥ አድርጉ። የተቆጣው ጎረቤት ሁሉ የተቆጣው ይህች ሰሃን ስለሌለች ነው።

በጣሳ አጠጡ፣ በጎማ አይደለም። ሰሃኑ ላይ ውሃ ሲታይ አቁሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልተጠጣውን ድፉት፤ ከቆየ የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

*ጭቃ ታች ከወረደ፦* ከመጠራታችሁ በፊት ራሳችሁ ውረዱ። «የኔ ነው፣ ይቅርታ» በሉና ልብሱን ይዛችሁ ውጡ፣ አጥባችሁ መልሱ። እስኪጠሯችሁ ከጠበቃችሁ ነገሩ ኮሚቴ ጋ ይደርሳል።

ደረጃ 8፦ መብራት

የሚብለጨለጨው የበዓል መብራት ለገናም ለረመዳንም ይሰቀላል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሰው እንደ ጌጥ ብቻ ያየዋል። ሶኬቱ ግን 220 ቮልት ነው።

- ሲገዙ ካርቶኑ ላይ «አይፒ 44» (IP44፣ የውሃ ርጭት የሚችል ማለት ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ። ከሌለ ለቤት ውስጥ የተሠራ ነው፣ ባልኮኒ አይወጣም።
- ዲቫይደሩ ሳሎን ውስጥ ይሁን። ባልኮኒ ወለል ላይ ዲቫይደር አይቀመጥም፣ በላስቲክ ቢጠቀለልም።
- ገመዱን በር አይቆንጥጠው። በመስኮት በኩል አሳልፉት፣ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ እጥፍ ይበል። የዝናብ ጠብታ እጥፉ ላይ ይወርዳል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ወደ ሶኬቱ አይመጣም።
- ብረቱ ላይ በባዶ ሽቦ አትሰሩት። የተላጠ ገመድ ብረት ከነካ፣ ብረቱን የያዘ ሰው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። በጨርቅ ወይም በካላማዳሪያ አስሩ። የተላጠ ካያችሁ ናስትሮ ጠቅልላችሁ አትለፉት፤ ጣሉት።

*ብሬከሩ ከወደቀ፦* መብራቱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሱ። ከቆመ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። እስኪይዝ ድረስ ደጋግማችሁ አትሞክሩ። መብራት ሲጠፋም ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ጨመር ብሎ ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 9፦ በየወሩ አሥር ደቂቃ

የወሩ መጀመሪያ ላይ ዞሩ። ማሰሪያውን በእጃችሁ ጎትቱ፣ በዓይን ብቻ አትዩ። ካላማዳሪያው ሲለጠጥ ትንንሽ ስንጥቅ ካሳየ ቀይሩት። ፕላስቲክ ዕቃውን በአውራ ጣት ተጫኑ። ነጭ ምልክት ከቀረበት ወይም ቀጭ ካለ ዕድሜው አልቋል፣ ቢያምርም። ብረቱ ላይ ዝገት ከጀመረ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁና አንቲረስት ቀቡት። ማፍሰሻውን አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት። ሰፌዱን አገላብጡት ወይም ከሳሎኑ ጋር ቀያይሩት፣ ግርጣቱ እኩል ይሆናል።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ከተክሉ በቀር ሁሉንም አስገቡ። በክረምት ባልኮኒ ላይ የሚቆየው ተክሉ ብቻ ነው፣ እሱም ወለል ላይ፣ ግድግዳው ሥር። በልግ ላይ በረዶ ከጣለ ተክሉን በጆንያ ሸፍኑ። ላስቲክ ከሸፈናችሁ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ተክሉንም ይዞት ይሄዳል።

ተከራዮች፣ ስትለቁ ቪቴና ፊሸሩን ንቀሉ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ፣ ሲደርቅ ቀለም አስነኩት። ቤቱ ሲቀባ የተረፈ ቀለም ካለ አንድ ብርጭቆ ያህል በክዳን ዕቃ አስቀምጡ። አዲስ ተገዝቶ ያንኑ ቀለም ማግኘት ቀላል አይደለም። አከራይ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው።